የሰነፍ ቆሎ መልስ

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር መጀመሪያ፣ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የመንደሩ መሪጌታ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወልወል አድርገው እኔ የጻፍኩትን ውል «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ማንበብ ሲጀምሩ ነው። ወረቀቱ ላይ በስመ አብ የሚል አልነበረም። የመጀመሪያው መስመር የመዝገብ ቁጥር ነበር። እሳቸው ግን ቁጥሩን ዘለሉና ርእሱን ዜማ ለመሆን ትንሽ በቀረው ድምፅ አነበቡት፤ «የምርምር ናሙናና መረጃ ልውውጥ ውል!» በአውድማው ዳር የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቢሮ ውስጥ ስጽፈው እንዲህ የሚያስፈራ ድምፅ አልነበረውም።

የምሠራው ጎንደር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ክፍላችን ውል ያዘጋጃል። አንዱ ተመራማሪ ለሌላው አፈር፣ ደም፣ ዘር ወይም የተጠራቀመ መረጃ ሲሰጥ፣ ተቀባዩ ምን ሊያደርግበት እንደሚችል፣ ለማን ማሳለፍ እንደማይችል፣ የሚገኘው ነገር የማን እንደሚሆን አስቀድመን እንጽፋለን። ሰው ይህን ሥራ ስነግረው ያዛጋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሰዎች ፊት ለፊት ለመባባል የሚያፍሩትን ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። አጠገቤ ለተቀመጠችው ባልደረባዬ እንኳ ከመናገር ይልቅ በስልክ መልእክት መላክ ለሚቀለኝ ለእኔ፣ የተፈጠረልኝ ሥራ ነበር።

የዚያን ቀን ሰጪዎቹ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ የደጋ መንደር ገብስ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። ተቀባዩ ባሕር ማዶ ያለ ላብራቶሪ ነው። አገናኙ ደግሞ የእኛው ተመራማሪ፣ ለዶክትሬቱ ገብስ የሚያጠና፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቁን መያዝ የማይችል ወጣት ነው። የሚያጠናው ሰነፍ ቆሎ የሚባለውን ገብስ ነው። ሲወቃ ልብሱን በቀላሉ ጥሎ ራቁቱን ይወጣል፤ መሸክሸክ አይፈልግም፤ ሰነፍ ሰውም ቆልቶ ይበላዋል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ላብራቶሪው ለተመራማሪው ተራ ሰጥቶታል። ገብሱ በዚያ ሳምንት መጨረሻ ካልተላከ ተራው ያልፋል፤ ሌላ አዝመራ መጠበቅ ነው። የላብራቶሪው ደንብ ደግሞ አጭር ነው። ያበቀሉት ሰዎች አንብበው ያልፈረሙላት አንዲት ፍሬ እንኳ በራችን አትገባም ይላል።

የመንደሩ ሰዎች እንቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። ከዚህ በፊት በማኪና መጥተው፣ ዘር ዘግነው፣ አመስግነው ሄደው ወሬያቸው የጠፋ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «ኑና እንያችሁ» ብቻ አሉ። አለቃዬ፣ ከእኔ በዕድሜ በጣም የሚበልጥ የሕግ ባለሙያ፣ እንግሊዝኛውን ይዘን ሄደን አስፈርመን እንድንመጣ ፈልጎ ነበር። ሰው ያልገባውን ቢፈርም ፈቃድ አይባልም ብዬ መልእክት ጻፍኩለት። «እንግዲያው በአማርኛ ጻፊውና ራስሽ ይዘሽው ሂጂ» ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛውን ግማሽ ባይጽፈው ደስ ባለኝ።

መሪጌታው እንዲያነቡ የፈለጉት አያ ነበሩ። አያ የገብስ አምራቾቹ ሊቀመንበር፣ የቤቱም የአውድማውም ባለቤት ናቸው። ውል በቤተ ክህነት ሰው አንደበት ካልተነበበ ውል አይመስላቸውም።

«ሰጪ ወገን» አሉ መሪጌታው፣ በእጃቸው ወደ አያ እያመለከቱ። «ተቀባይ ወገን» አሉ ወደ እኛ።

የአያ ባለቤት ቆሎ በሰፌድ ይዘው ሲመጡ መንገድ ላይ ቆሙ። «ምነው ሳትነግሩኝ? ማንን ነው የምንድረው?»

ሳቅ ሆነ። ተመራማሪው ቀድሞ ሳቀ፤ ያን ጊዜ ነው መቆጣት የነበረብኝ።

«ሰነፏን ነው» አሉ አያ። «ባሕር ማዶ ተጠይቃለች።»

«ሰነፍ መሆኗን ነግራችኋቸዋል?»

«ስሟ ላይ ጽፈነዋል፣ እማማ» አለ ተመራማሪው። «ምንም አልደበቅንም።»

ከዚያች ደቂቃ በኋላ ማንም «ገብሱ» አላለም። ገብሷ ሆነች። መሪጌታውም ሳቁን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ገቡ፤ ድምፃቸው ግን ይበልጥ ረዘመ። «ተቀባይ ወገን ናሙናዋን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ አይሰጥም!» እኔ «ናሙናውን» ነበር የጻፍኩት።

«ይህስ ምን መጻፍ ያስፈልገዋል?» አሉ እማማ። «አግብቶ ለጎረቤት የሚሰጥ አለ እንዴ?»

«አለ» አልኩ በጣም ቀስ ብዬ። ከሥራዬ የማውቀው ነገር ስለሆነ አመለጠኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። «ማለቴ፣ ላብራቶሪዎች ናሙና ይሰጣጣሉ። ለዚህ ነው የምንጽፈው።»

«ሸጋ» አሉ አያ። «ይጻፍ እንግዲህ።»

አራተኛው አንቀጽ የባሰ ነበር። ቢሮ ውስጥ ስጽፈው ምንም አልታየኝም፤ እምላለሁ። መሪጌታው ግን አንድ ጊዜ በዓይናቸው አነበቡት፣ ሳል አሉ፣ ከዚያ ወደ ሰማይ እያዩ አሰሙት። ያለ ሰጪው ፈቃድ ከሌላ ዝርያ ጋር ማዳቀል ክልክል ነው። ተመራማሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አያ ብቻ አልሳቁም፤ «ልጆቹስ?» ብለው ጠየቁ። «ብትዳቀል ልጆቹ የማን ናቸው?»

«የጋራ» አልኩ። «አምስተኛው አንቀጽ።»

«ስማቸውስ?»

«የአገራቸው ስም አብሮ ይጻፋል።»

አያ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሳላስበው አንገቴን ቀና አደረግሁ። ወራት ሙሉ ከወረቀት ጋር ብቻ ስነጋገር ኖሬ፣ አምስተኛው አንቀጽ ሰው ሆኖ ሲጠየቅና ሲመልስ ማየት ሆድን የሚኮረኩር ደስታ ነበረው። ስድስተኛው ላይ የተረፈው ናሙና ሰጪው እንደመረጠው «ይመለሳል ወይም ይወገዳል» ይላል። እማማ ሰፌዱን አስቀመጡ። «ይወገዳል? ልጅ ይወገዳል? ካልተስማማቻቸው ወደ ቤቷ ይመልሷት!» ምርጫው የእነሱ ስለሆነ «ወይም ይወገዳል» የሚለውን እዚያው ሰረዝኩት። በፊርማዬ ያጸደቅሁት የመጀመሪያው ስርዝ ነው።

ከዚያ ሰባተኛው አንቀጽ መጣ።

«ተቀባይ ወገን ለሰጪ ወገን በተገቢው ጊዜ ግብረ መልስ ያደርጋል» አሉ መሪጌታው። አነበቡት፤ ቆሙ፤ ፊታቸው በራ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህችን ላብራራት» አሉ። «ግዕዝ ናት። ግብር ማለት ድግስ ነው፤ የነገሥታቱ ግብር እንደምትሉት። ግብረ መልስ ማለት እንግዲህ የመልስ ድግስ ነው።»

አውድማው ፈነዳ። እልልታው ቅድም የታፈነውን ጨምሮ ወጣ። እማማ «አላልኳችሁም!» እያሉ ያጨበጭባሉ። አንዱ ገበሬ ተነሥቶ ትከሻውን ሰበቀ። አያ እንኳ ጥርሳቸው ታየ። «እንዲህ ያለ ውል አይቼም አላውቅ» አሉ። «የሚመጡ ሰዎች ናቸዋ! አምጡ፣ እፈርማለሁ።»

በቢሮ አማርኛ ግብረ መልስ ማለት አስተያየት፣ የውጤት መግለጫ ማለት ነው። እኔ የጻፍኩት በአእምሮዬ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ይዤ ነው፤ ያችም «በተገቢው ጊዜ» የምትላክ። ዩኒቨርሲቲው ለመንደር ሙሉ ሰው ድግስ ሲደግስ ታየኝ። የግዥ ክፍሉ ታየኝ። ለበሬ ግዥ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ሲጠየቅ ታየኝ።

ተመራማሪው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ተይው» አለኝ። «ይፈርሙ። በኋላ እናብራራለን።»

«ምኑን ነው የምናብራራው?»

«እባክሽ። ተራዬ ነው የሚያልፈው።»

የዓመት ልፋቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ለእኔ ይቀለኛል፤ ዝም ማለት ሁልጊዜ ይቀለኛል። ግን ሰው ያልገባውን ቢፈርም ፈቃድ አይባልም ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ደስ ብሎት ሲፈርምም ያው ነው። ተነሣሁ።

«ይቅርታ መሪጌታ» አልኩ። «ቃሉ እንደሱ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ላይ ግብረ መልስ ማለት... ውጤቱን የሚገልጽ ወረቀት ይላክላችኋል ማለት ነው። ድግስ የለም።»

እልልታው በየአፉ ቀረ። ትከሻውን ይሰብቅ የነበረው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ወረቀት» አሉ አያ።

«አዎ።»

«ሰው አይመጣም?»

«እንደዚያ አልተጻፈም።»

አያ ከመደባቸው ተነሡ፤ ለፊርማ የተቀበሉትን እስክርቢቶ ክዳኑን ገጥመው መለሱልኝ። ቁጣ የለባቸውም። «እንግዲያው ገብስ የለም» አሉ። «ቆሎውን ግን ብሉ።»

ተመራማሪው ዓይኔን አላየውም። በዚያ ላይ የያዝነው ቆሎ ራሱ ሰነፍ ቆሎ ነበር፤ የሙሽሪትን እህቶች እየቆረጠምን ነው። እማማ ብቻ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ መልስ ማለት ካልሆነ ምነው ታዲያ መልስ ብለሽ ጻፍሽ?» ትክክል ነበሩ። ከሁለቱ ቃላት የሚያውቁት አንዱን ነው፤ እሱም የምር ቃል ነው።

«ኔትወርክ የት ይገኛል?» አልኩ።

ከአውድማው በላይ ያለውን ቋጥኝ አሳዩኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። አለቃዬ ጋር ደውዬ አላውቅም፤ ሁሌም እጽፍለታለሁ። ቋጥኙ ላይ ግን መልእክት አልሄድ አለ። መደወል ብቻ ነበር የሚቻለው።

«ምን ሆንሽ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። ድምፄን ሲሰማ አደጋ የደረሰብን መስሎታል።

በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። በስመ አብን፣ ሰነፏን፣ ማዳቀሉን፣ ግብረ መልስን። «ስለዚህ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ዩኒቨርሲቲው መልስ እንዲደግስ ሰባተኛው አንቀጽ ይሻሻልልን። ትንሽ ድግስ። አለበለዚያ አይፈርሙም።»

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሳል መሰለኝ፤ ሳቅ ነው። እስኪያባራ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ቁስቋም ውስጥ ሠርግ የለም እንዴ?» አለኝ። ሰፈሬን ያውቃል።

«አለ።»

«መልስ የሚደግሰው ማነው?»

አሰብኩ። ስንት መልስ በልቼ ወጥቻለሁ፤ ማን ደገሰው ብዬ ግን እንደ ሕግ ጥያቄ አስቤው አላውቅም። «የሴቷ ወገን» አልኩ።

«እዚህ ውል ላይ ልጅቷን የሰጠው ማነው?»

«እነሱ።»

«እንግዲያው የተቀባይ ወገን ግዴታ ምንድን ነው?»

«መሄድ» አልኩ። ነፋሱ ነጠላዬን ገልቦ ፊቴ ላይ ጣለው፤ በነጠላው ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ። «መሄድ ብቻ ነው!»

«ጻፊው። ውጤቱን ይዞ የሚሄደው ያ ልጅ ነው፤ ፈረንጆቹን የሚነካ ነገር የለም። ቀን ግን ቁረጡ። በተገቢው ጊዜ የሚባል መልስ የለም።»

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ ጫማዬ አንዱ ወልቆ ተመልሼ አንሥቼዋለሁ። አውድማው ላይ ስደርስ ገና ሳልቀመጥ፣ «አያ፣ እንመጣለን!» ብዬ ጮህኩ። የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ውሻው ሲጮህብኝ ነው። «ወረቀት ሳይሆን ሰው ይመጣል። እሱ ራሱ ውጤቱን ይዞ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ይነግራችኋል። ድግሱን ግን እኛ...»

«እናንተ?» አሉ እማማ። «እናንተ ልትደግሱ? በማን ቤት?»

«እኛ መቼ ደግሱልን አልን?» አሉ አያ፤ የዚህን ጊዜ ግን የምር ተቆጡ። «ልጄን ድሬ፣ መልሷን ሌላ ሰው ሊደግስልኝ? ምን የጎደለኝ መስሎሽ ነው?»

ለካስ ከመጀመሪያውም ማንም የእኛን ድግስ አልጠየቀም ነበር። እልል ያሉት ሊበሉ ሳይሆን ሊያበሉ ነው። ተመራማሪው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ መሳቅ ጀመረ፤ እኔም ጀመርኩ፤ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ሌሎቹም ተከተሉን።

ቀን መቁረጡ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ተመራማሪው «ውጤቱ የካቲት መጨረሻ ይደርሳል» ሲል መሪጌታው በጣታቸው ቆጥረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዐቢይ ጾም ነው። በጾም መልስ የለም።» ፋሲካ ሳምንት ሰው ሁሉ በየዘመዱ ይዞራል። ስለዚህ በሰባተኛው አንቀጽ ላይ «በተገቢው ጊዜ» የሚለውን ሰርዤ «ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሑድ» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። «ግብረ» የምትለዋንም ሰረዝኳት። መልስ ብቻ ቀረች። መሪጌታው ግብርን በመሰረዜ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ግን ከስርዙ ጎን ምስክር ሆነው ሲፈርሙ በግዕዝ ቁጥር ቀኑን አስገቡበትና ተጽናኑ።

አያ ስማቸውን ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን አርቀው አዩት። «ሸጋ» አሉ።

እማማ ገብሷን ሰፍረው ንጹሕ ነጭ ከረጢት ውስጥ አስገቡ፤ አፉን በቀይ ክር አሰሩ። ተመራማሪው ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ አለፉት። «ለሙሽራው እጅ በእጅ አይሰጥም» አሉና እኔን አሳቀፉኝ። «ሚዜዋ አንቺ ነሽ። ወስደሽ የምትመልሻት አንቺ ነሽ።»

«እኔ ሙሽራ አይደለሁም!» አለ ተመራማሪው። «ሙሽራው ላብራቶሪው ነው!»

«ታዲያ አንተ ምንድን ነህ?»

«አማላጅ።»

«አማላጅ አፉን ይዘጋል» አሉ እማማ።

እስከ ጎንደር ድረስ ከረጢቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጣሁ። የዩኒቨርሲቲው ሹፌር ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ አልጠገበም፤ ማዳቀሉን ብቻ ሁለት ጊዜ አስደገመን። ከተማው ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ፒያሳ አደባባዩ ላይ ሲደርስ ጡሩምባውን እንደ ሠርግ ማኪና ይነፋው ጀመር። እባክህ ተው አልኩት። ባሰበት። ከኋላችን የነበረ ባጃጅ ተቀበለው፤ ሌላው ጨመረ። መንገድ ዳር የቆሙ ሴቶች ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ሙሽራ ፈለጉ፤ ያገኙት እኔን፣ ከረጢቴን እንዳቀፍኩ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ወንበሩ ሥር እገባ ነበር። ያን ቀን ግን ከረጢቷን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። እልል አሉላት።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት የክፍላችን ስብሰባ ነበረ። በዚያ ስብሰባ ላይ እኔ የምታወቀው በር አጠገብ በመቀመጥ ነው። የዚያን ቀን ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ፣ ከታሸጉት የመላኪያ ወረቀቶች ጎን አስቀመጥኳት፤ ለመንገድ ዝግጁ ነበረች። አለቃዬ አጀንዳውን ጨርሶ እንደ ልማዱ ማንንም ሳያይ «ሌላ ጉዳይ?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ መነሣት ጀምሮ ነበር።

እጄን አወጣሁ። ከዚያ ተነሣሁ።

«ጥሪ አለኝ» አልኩ። «የመልስ ነው።»